የአስር ደቂቃ አረፋ

የልጅ ልጄና ሐኪሙ የተዋወቁት በውሻ እከክ ምክንያት ነው። ሌላው ሰው ትምህርት ቤት ይተዋወቃል፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ ይተዋወቃል። የኛዎቹን ያገናኛቸው ሽታው እስከ ጎረቤት በር የሚደርስ አንድ ሽማግሌ ውሻ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አለ። ይሳቅ። ያን ጊዜ በቤታችን የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ልጄ ሞታ ነበር። የልጅቱ እናት ማለቴ ነው። ትቀብረኛለች ያልኳትን እኔ ቀበርኳት። አማቼ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ የሚመላለስ ጥላ ሆነ። የልጅ ልጄ ደግሞ አላለቀሰችም። በቀብሩም ዕለት አላለቀሰችም፣ በኋላም አላለቀሰችም። ወደ መጋረጃ መስፊያዋ ተመለሰች። ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። ቤት ስትገባ ሳህን ታጥባለች፤ የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። እጇ አያርፍም። ፊቷ ግን እንደተዘጋ ሱቅ ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ «እሺ» ማለቷ ነው። ሹራብ ደርቢ ስላት እሺ። ሙቀት ነው አውልቂው ስላት እሺ። አንድ ቀን ልፈትናት ብዬ፣ «ይሄን ፀጉርሽን ብትላጪው ይሻላል» አልኳት። «እሺ» ብላ መቀስ ፍለጋ ተነሣች። ሮጬ መቀሱን ቀማኋትና ለሳምንት ትራሴ ሥር ደበቅኩት።

ዳለቻ የእናቷ ውሻ ነው። መልኩ ዓመድ ስለሚመስል ነው እንዲህ ያለችው። ድሮም ያሳክከው ነበር፤ እሷ ስትሞት ባሰበት። ሲልሰው ከሚውለው የተነሣ መዳፉ ወይቦ ነበር። ጆሮው ውስጥ ቡናማ እድፍ ይቋጥራል። የሆዱ ጠጉር አልቆ ቆዳው ጠቁሮና ወፍሮ አሮጌ ጫማ መሰለ። ሲያክ የኋላ እግሩ ወለሉን ይደበድባል፤ እኛ በየክፍላችን ሆነን እንሰማለን። መርፌ ይወጋል፣ ይሻለዋል፣ ደስ ሲለን ክኒኑን ሳይጨርስ እንተዋለን፤ ከዚያ እንደገና ይነሣበታል። አንዱ ጎረቤት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት ብሎ መከረን። «መጀመሪያ ራስህን ተቀብተህ አሳየን» ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

አንድ ምሽት አማቼ ሹካውን አስቀመጠ።

«ይህ ውሻ ይገላገል» አለ። «ስቃይ ማየት በቃኝ። ሐኪም ቤት ውሰዱትና የመጨረሻውን መርፌ ይውጉት።»

«እሺ» አለች ልጅቱ፣ ሳህኑን እያነሣች።

ፈራሁ። ለውሻው ብቻ አይደለም። ከእናቷ የቀረ፣ የሚተነፍስ ነገር እሱ ብቻ ነበር። እሱንም በገዛ እጇ ወስዳ፣ እሺ ብላ አስረክባ ከተመለሰች፣ ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲያ የምትመለስበት መንገድ አልታየኝም። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ጫማዬን አደረግሁ።

«እኔም እመጣለሁ» አልኳት።

ምን እንዳለች መናገር አያስፈልገኝም።

የእንስሳት ክሊኒኩ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ ነው። አንድ ረጅም አግዳሚ፣ አንድ የብረት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የፈረስ አጥንት የሚያሳይ ሥዕል። ቤቱ በረኪና በረኪና ይላል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ጆሮው ትንሽ ወጣ ወጣ ያለ፣ ጋዋኑ ላይ የድመት ጠጉር የተሰካበት። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጥፍሩን ነው። ሰው የምመዝነው በጥፍር ነው። ንጹሕ ነበር።

«ምን ልርዳችሁ?»

«መርፌ እንዲወጉልን ነው» አለች። «የመጨረሻውን።»

ውሻውን አየ፤ ከዚያ እሷን።

«ማን ወሰነ?»

«አባቴ።»

«እርስዎስ?»

«እሺ ብያለሁ።»

ሌላ ነገር አልጠየቀም። የውሻውን ራስ ይያዙልኝ አላትና ከሆዱ ቆዳ ላይ የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፎ አነሣ። ቀለም ውስጥ ነክሮ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገው። እሱ ካየ በኋላ ወንበሩን ለቀቀላት። «ይዩት» አለ።

ጎንበስ ብላ አየች። ቆየች። እኔ አግዳሚው ላይ ሆኜ ጀርባዋን አያለሁ። ዓይኗን አንድ ነገር ላይ አሳርፋ እንዲያ ስትቆይ ያየሁበትን ጊዜ ማስታወስ አቃተኝ።

«ምንድን ናቸው?» አለች።

ጥያቄ ጠየቀች። እኔ ልብ አልኩ፤ እሱ አላወቀም።

«የጫማ ዱካ የሚመስሉት እርሾ የሚባሉ ፈንገሶች ናቸው። ትንንሾቹ ነጠብጣቦች ባክቴሪያ። በሁላችንም ላይ አሉ፤ ጤነኛ ቆዳ ላይ አርፈው ይቀመጣሉ። አለርጂ ቆዳውን ሲከፍትላቸው ግን ይራባሉ። እስከዛሬ ስታክሙ የኖራችሁት ቁስሉን ብቻ ነው። ያቆሰለውን ማንም አልፈለገውም።»

«ታዲያ ይድናል፣ ዶክተር?» አልኩ ከኋላ።

«አይድንም፣ እማማ።»

እንዲህ በአንድ ቃል ይነገራል?

«አለርጂ አይድንም» አለ ቀስ ብሎ። «ይያዛል። ሁልጊዜ መከታተል ይፈልጋል። ከተያዘ ግን ይተኛል፣ ይሮጣል፣ እንደ ማንኛውም ውሻ በሰላም ያረጃል።» ወደ እሷ ዞረ። «መርፌው የትም አይሄድብንም። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

ጊዜ ሰጠነው። በሳምንት ሁለቴ በመድኃኒት ሻምፑ ማጠብ፤ ጆሮውን መጥረግ፤ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ የተመረጠለትን ክኒን ይህን ጊዜ እስከ መጨረሻው መዋጥ። ምግቡ ደግሞ ለሁለት ወር ያህል ዓሣና ስኳር ድንች ብቻ። በልቶት የማያውቀው ምግብ ሲሰጠው እከኩ ከቆመ፣ ጥፋቱ ድሮ ይበላው ከነበረው ነው ማለት ነው።

«ሌላ ፍርፋሪ እንኳ እንዳይቀምስ» አለን። «ለቤቱ ሰው ሁሉ ንገሩ።»

ለአማቼ ነገርነው። «ይሁን» አለ። «ይህ ካልሠራ ግን መርፌው ነው።»

ቀናት ሄዱ። ሻምፑው ያልቃል፤ ቆዳው እንዳለ ነው። ሐኪሙ ግራ ገባው።

«እንዴት እንደምታጥቢው እስኪ አሳይኝ» አላት አንድ ቀን። አንቺ ማለት ጀምሯል። እድሜያቸው ስለሚቀራረብ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ግን ልብ ብዬ ነው ያለፍኩት።

ከክሊኒኩ ጓሮ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ አጠገቡ ካለው አጭር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እጅጌዋን ሰበሰበች። የልጅ ልጄ እጅ እንደ ስፌት መኪና ነው፤ አረሰረሰችው፣ አሸችው፣ አረፋ በአረፋ አደረገችው፣ ወዲያው የውሃውን ጎማ አነሣች።

«ቆይ፣ ቆይ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላለቅልቀው።»

«አረፋው አስር ደቂቃ ይቆያል እኮ። መድኃኒቱ የሚሠራው ቆዳው ላይ ሲቆይ ነው። ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ጎማውን እንደያዘች ቀረች። ውሃው ጫማዋ ላይ ይፈስሳል።

«አስር ደቂቃ ሙሉ ምን እየሠራሁ እቆማለሁ?» አለች።

እኔ ገባኝ። እግሯ ከቆመ የምትሸሸው ነገር ይደርስባታል። ለሱ ግን ማን ይነግረዋል ብዬ ስጨነቅ፣ እሱ ሄዶ ውሃውን ዘጋ። ጋዋኑን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ። በገንዳው ወዲያ ማዶ ቆሞ እጁን ከእጇ አጠገብ ውሻው ጀርባ ላይ አሳረፈ።

«አብረን እንቆማለን» አለ።

ቆሙ። ዳለቻ አረፋው ውስጥ በግ መስሎ፣ ሁለቱን እያፈራረቀ በንዴት ያያል። እሷ አጥሩን አየች፣ ቧንቧውን አየች፣ የራሷን እግር አየች። ትንፋሿ ሲፈጥን ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ልነሣ አልኩ፤ እሱ ግን ዓይኑን ከውሻው ላይ አላነሣም። አይቶ እንዳላየ መሆን የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ቀስ በቀስ ትከሻዋ ወረደ። በመጨረሻ የምታየው እጁን ነበር።

ከዚያ ወዲያ እጥበቱ እዚያው ክሊኒኩ ጓሮ ሆነ፤ እሱ የምሳ ሰዓቱን ለኛ ይሰጣል። እኔ ከአግዳሚው አልጠፋም። ሰው ምን ይላል ብዬም ነው፣ ወለሉ ያንሸራትታቸዋል ብዬም ነው።

«ይሄ ውሻ ጠልቶኛል» አላት አንዴ።

«ማንንም አይወድም።»

«አንቺንስ?»

«እናቴን ነበር።»

ሰው ይህን ሲሰማ አይዞሽ ይላል፣ በርቺ ይላል፣ ጊዜ ይሽረዋል ይላል። ሰምታ ሰምታ ጆሮዋ ደንቁሯል። እሱ ግን ቆይቶ፣ «ከጆሮው ሥር አረፋ አልደረሰም» አላት። እሷም አደረሰችው። ያን ቀን ሐኪሙን ወደድኩት፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ሌላ ቀን ደግሞ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ስለሱ ነበር የምትጠይቀኝ። ‹ጆሮውን ጠረግሽለት?› አለችኝ። ጠርጌአለሁ አልኳት። አልጠረግኩለትም ነበር።»

ድምፅዋ ስለ መጋረጃ ልኬት እንደሚያወራ ሰው ነው። ከፍም አላለ፣ ዝቅም አላለ። ሐኪሙ አረፋውን ከውሻው ዓይን በአውራ ጣቱ ጠረገ።

«አሁን ትጠርጊለታለሽ» አለ።

«አሁን እጠርግለታለሁ።»



የዳለቻ ሽታ ጠፋ። ጥቁሩ ቆዳ እየሳሳ ሮዝ ሮዝ ማለት ጀመረ፤ ጥቂት ጠጉርም ብቅ አለ። ማሳከኩ ግን አልለቀቀውም። የኋላ እግሩ አሁንም ወለሉን ይደበድባል። ዓሣው ጊዜ ይፈልጋል አለን ሐኪሙ።

በዚያው ሰሞን፣ አረፋው ውስጥ ቆመው፣ ጭንቅላቱን ሳያነሣ እንዲህ ሲላት ሰማሁ፤

«ላገባሽ እፈልጋለሁ።»

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«እሺ» አለች።

አሁን ጭንቅላቱን አነሣ። ለረጅም ጊዜ አያት። እሷም አየችው፤ ባዶ መስኮት እንደሚያይህ።

«ለመርፌውም እሺ ብለሽ ነበር» አላት።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አላውቅም። ይሄኛውን ግን አልወስደውም።»

ውሃውን ከፍቶ ውሻውን ማለቅለቅ ጀመረ። እኔ አግዳሚው ላይ ደሜ ፈላ። ለመነ፣ ተሰጠው፣ አልወስድም ይላል? የኔን ልጅ? መንገድ ላይ እሷ ከጎኔ ስትሄድ፣ «እማማ፣ እሺ ስለው ለምን እምቢ አለኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያዘነች አትመስልም፤ የጠፋባትን መርፌ እንደምትፈልግ ነው።

«ደደብ ስለሆነ ነው» አልኳት።

ደደብ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ሁለቱ ወር ሊሞላ ሲቃረብ ዳለቻ ጭራሽ ባሰበት። ሆዱን አክኮ አክኮ አደማው። ይዘነው ሄድን። ሐኪሙ ጆሮውን አየ፣ እንደገና ፕላስተር ለጠፈ፣ ማይክሮስኮፑን አየ። ስለ ጋብቻው ከተነጋገሩ ወዲህ ሁለቱም በጠባብ ኮሪደር እንደሚተላለፉ ሰዎች ሆነዋል።

«እርሾው የለም። ባክቴሪያውም የለም» አለ። «እጥበቱ ሥራውን ሠርቷል። ታዲያ የሚያሳክከው ምግቡ ነው። አንድ ሰው ሌላ ነገር ያበላዋል።»

«ማንም አያበላውም። በእጄ ነው የምመግበው።»

«ምናልባት ቤት ውስጥ…»

«ማንም አያበላውም አልኩ።»

«ውሻ አይዋሽም» አለ።

ይሄን ባይል ጥሩ ነበር። የልጅ ልጄ ፊት ቀላ። ከዚያም ነጣ።

«እኔ ነኛ የምዋሸው!» አለች። «አንተ! ሲያሻህ ላግባሽ፣ ሲያሻህ አልወስድሽም፣ አሁን ደግሞ ውሸታም? ዓሣ ስቀቅል እጄ ሸትቶ ሸትቶ ደንበኛ መጋረጃውን መለሰችብኝ! ‹ቤቴን ዓሣ መሸጫ አስመሰልሽው› አለችኝ! አንተ ማነህና ነው!»

ክሊኒኩ ውስጥ ያለው እንስሳ ሁሉ ዝም አለ። ዶክተሩን፣ በሰው ፊት፣ አንተ አለችው። እኔ በነጠላ ልሸፈን ምንም አልቀረኝ። ግን በሐፍረቴ ውስጥ አንድ ነገር አየሁ፤ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። የልጅ ልጄ ተቆጥታለች። ዳለቻን በማሠሪያው ጎትታ ወጣች፤ በሩን በኋላዋ ስታላትመው የፈረሱ ሥዕል ተንጋደደ።

ቤት ስንደርስ አማቼ የደማውን ሆድ አየና ፊቱን አዞረ።

«በቃ» አለ። «ነገ እኔው ራሴ እወስደዋለሁ።»

እሺ አላለችም።

በማግስቱ ስነቃ ገና መንጋቱ ነው። ወደ ኩሽና ስሄድ የጓሮው በር አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። በበሩ ስንጥቅ አብሬያት አየሁ።

አማቼ ካፖርቱን ደርቦ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ዳለቻ በጉልበቶቹ መካከል ነው። የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል። ነጩን ራሱ ጎረሰ፤ አስኳሉን መዳፉ ላይ አድርጎ ለውሻው ዘረጋለት።

«ብላ» ይለዋል። «የዛሬው የመጨረሻችን ነው፤ ብላ።»

«አባዬ» አለች።

ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ መዳፉን ጨበጠ።

«አስኳል ነው» አለ። «ምግብ አይደለም እኮ። አስኳል ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ምግብ መስሎ አልታየውም። እህል አትስጡት ብንለው አልሰጠውም፤ ሥጋ ብንል አልሰጠውም። ይህ ለሱ ሌላ ነገር ነበር።

«እናትሽ ነጩን ትበላለች፣ አስኳሉ የሱ ነው» አለ። «በየጠዋቱ እዚችው ባልዲ ላይ። የሄደች ጊዜ፣ በበነጋታው፣ መጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ጠበቃት። ሌላው ነገር ሁሉ ቆሟል። ይሄ አንዱ እንኳ አይቁም ብዬ ነው።»

«አንተ እንቁላል አትወድም እኮ፣ አባዬ።»

«አልወድም» አለ፣ እየዋጠ።

ወደ ውጭ ወጥታ ፊቱ ተንበረከከች። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታችና የተፈረካከሰውን አስኳል ከመዳፉ ወሰደች። ትጥለዋለች ብዬ ነበር። በላችው።

«ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው» አለች። «በየጠዋቱ ቀቅለህ ለኔ ትሰጠኛለህ።»

«እሱስ?»

«እሱ የትም አይሄድም። መርፌ የለም። እምቢ ብያለሁ።»

አማቼ ግንባሩን የዳለቻ ጭንቅላት ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። የካፖርቱን እጅጌ ጫፍ ይዛ ተቀመጠች። ቆይታ፣ «እጅህን ታጠብ፣ እንዳይልሰው» አለችው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የኛ ቤቱ በውሻ እግር ሲሄድ ከርሞ እኔ አሮጊቷ አላየሁም።

ዓሣውን እንደ አዲስ ጀመርን። ማጠቢያውን ግን ቤት አደረገችው። በመስኮት አያታለሁ፤ ዳለቻን አረፋ ታለብሰዋለች፣ ከዚያ ትቆማለች። ብቻዋን። እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ፣ የሚደርስባት ነገር እስኪደርስባትና እስኪያልፍ ትቆማለች። አንዳንዴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አልጠየቅኳትም።

የወለሉ ድብደባ እየራቀ ሄደ። አንድ ከሰዓት ዳለቻ በጀርባው ተገልብጦ፣ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ሲያንኮራፋ አገኘሁት። የሞተ መስሎኝ ጮኼ ቤቱን በጠበጥኩ።

ሐኪሙ ግን አልመጣም፤ እሷም አልሄደችም። ኩራት በኩራት። ጆሮው መታየት አለበት ስላት «ነገ» ትላለች፣ ነገ ሲደርስ «ሥራ በዝቷል» ትላለች። ድሮ እሺ ስትል እጨነቅ ነበር፤ አሁን አልሄድም ስትል ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ልጁን ሌላ ሰው ቢወስደውስ? ጥፍሩ ንጹሕ ነው፤ ዓይን ውስጥ ይገባል።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሸሚዟን ለበሰች፣ አወለቀች፣ ሌላ ለበሰች፣ የመጀመሪያውን መልሳ ለበሰች።

«እማማ፣ ተነሺ። ጆሮውን እናሳየው።»

የማን ጆሮ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ክሊኒኩ ሞልቶ ነበር። አግዳሚው ላይ ድመቷን በቅርጫት የያዘች ወፍራም ሴትዮና በቀቀን የታቀፉ አንድ ጡረተኛ አሉ። ሐኪሙ ሲያየን የያዘውን ጠርሙስ የሚያስቀምጥበት አጣ። ዳለቻን ገልብጦ ሆዱን አየ፤ ጠጉሩን በጣቱ ሲያበጥር ፊቱ በራ።

«አባቴ ነበር» አለች። «አስኳል። ልክ ነበርክ። እኔም አልዋሸሁም።»

«አልዋሸሽም። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አድርጌአለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም።»

«ይገባኛል» አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ሐኪም አይደለ፣ አላቆመም። «እንግዲህ አንድ ነገር ይቀረናል። ለማረጋገጥ ያህል እንቁላሉን መልሰን እንሰጠውና…»

«ምን አልክ?»

«ለጥቂት ቀን ብቻ። ካሳከከው ጥፋተኛው እንቁላል ነው ማለት ነው። አሠራሩ እንደዚህ ነው።»

«አባቴ በየጠዋቱ አልሞከረልህም? ሆዱን እስኪያደማ አላየህም? ሌላ ምን ማረጋገጫ ትፈልጋለህ?»

«ያ ሙከራ አይባልም፤ ምን ያህል እንደበላ እንኳ…»

«ስማኝ!» አለች፤ በመዳፏ የብረቱን ጠረጴዛ መታችው። በቀቀኑ ክንፉን አማታ። «እኔና አንተ በምንኖርበት ቤት ውስጥ ለዚህ ውሻ እንቁላል የሚሰጥ ሰው አይኖርም! አንተም ብትሆን! ለማረጋገጥም ቢሆን! ገባህ?»

የጎማ ጠጋኙ መዶሻ ብቻ ከውጭ ይሰማል።

የተናገረችው ለራሷም የደረሳት ያን ጊዜ ነው። ጆሮዋ እስከ ጫፉ ቀላ። ግን ቃሏን አልመለሰችም፤ ዓይኗንም አልሰበረችም። ቆማ አየችው። ሙሉ ሰው ሆና።

«የቱ ቤት?» አለ።

«የምንኖርበት ቤት።»

ሐኪሙ የውሻውን ጆሮ ይዞ ቀረ።

«መልስላት እንጂ፣ ዶክተር!» አለች ባለ ድመቷ ሴትዮ። «ድመቴ በቅርጫት ውስጥ ልትወልድ ነው!»

ያኔ ሳቀ። ጓንቱን አወለቀ፤ አንዱ ጣቱ ላይ ተጣብቆ ሲያስቸግረው እሷ ጎትታ አወጣችለት፤ እጁን ወዲያው አልለቀቀችውም።

«ይሄን እወስዳለሁ» አላት ቀስ ብሎ። «ሙከራው ይቅር። አባትሽን መቼ ላናግረው?»

«ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ና። ጋዋንህን አውልቀህ ና፤ የድመት ጠጉር ነው የለበስከው።»

ጡረተኛው አጨበጨቡ። እኔ ማጨብጨብ አልቻልኩም። አግዳሚው ላይ ዘፍ አልኩ፤ ለካ ቅርጫቱ ላይ ነው፣ ሴትዮዋ ጮኸችብኝ።

ወጣን። እየሄድን ብዙ ነገር አሰብኩ። እሱ ምን ይከፈለዋል? የሚኖርበት ቤት ይጠባል ወይ? ዳለቻ ደረጃ መውጣት ይችላል? እሷ አጠገቤ ትሄዳለች። ጥግ ላይ ስንደርስ ቆመች። ዓይኗ ሞልቶ ጉንጯ ላይ ይፈስሳል፤ ድምፅ የለውም፣ አልጠረገችውም፣ ልትደብቀውም አልሞከረችም። ምን ሆንሽ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እማማ» አለችኝ፣ «ርቦኛል።»

ከዳቦ ቤቱ መስኮት ትኩስ ዳቦ ገዛሁላት። እዚያው መንገድ ላይ፣ ቆማ፣ እያለቀሰች በላች። ከሌላኛው ወገን ቆርሳ ለኔ ሰጠችኝ፤ እኔም በላሁ። ዳለቻ እግራችን ሥር ቁጭ ብሎ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እያየ ለሐጩን አዝረበረበ።

አንዳችንም አልሰጠነውም።